የገሠሠ ተንጠልጣይ ዋንጫ

ገሠሠ እንጅባራ ውስጥ ቀርከሃ ሠራተኛ ነው። ወንበር፣ መደርደሪያ፣ የሕፃን አልጋ ይሠራል። ሚኒባሶቹ የባሕር ዳር ተሳፋሪ ከሚጠሩበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ሱቅ አለችው። ስለ ወንበሮቹና ስለ መደርደሪያዎቹ ግን ማንም አንሥቶ አያውቅም። ስሙ የተነሣው ማንም ባላዘዘው ሥራው ነው። ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ ሲለውም ሳቁን እያፈነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ገሠሠ የአንድ ዕቃ መያዣ ልክ ያልሆነ ከመሰለው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ጀሪካን የሴቶቹን እጅ ይቆርጣል ብሎ አዝኖ ወፍራም የቀርከሃ እጀታ ሠራለት። እጀታው እጅ መቁረጡን አስቀረ፤ በሳምንቱ ግን ጀሪካኑን ራሱን ቆረጠው። ለባጃጅ ሹፌሮች ደግሞ ከመሪው ጎን የሚታሰር የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አወጣ። የሞከረው ሹፌር ኮብልስቶኑ ላይ እንደ ወጣ ትኩሱ ሻይ በሙሉ ጭኑ ላይ አረፈ፤ ብርጭቆው ግን ከማስቀመጫው ንቅንቅ አላለም። ገሠሠ ይህን እስከ ዛሬ ከድል ይቆጥረዋል። «ብርጭቆ ያዝ ተባልኩ እንጂ ሻይ ያዝ አልተባልኩም» ይላል።

ሚስቱ እታለማሁ አዲስ ኩባያ በገዛች ቁጥር ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። ስትጠየቅ «ጆሮ እንዳይቀጥልበት ነው» ትላለች። የኩባያ ጆሮ መያዣው መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ኩባያው ጆሮ ቢኖረው እንኳ ገሠሠ ሌላ እንደሚጨምርበትም ሁሉም ያውቃል።

ከፈጠራዎቹ ሁሉ ሰው ወዶ የተጠቀመበት አንድ ብቻ ነው። ልጁ ቤዛዊት ሕፃን ሳለች ለትንሽ እጇ የምትመጥን ጆሮ ያላት የቀርከሃ ኩባያ ሠርቶላት ነበር። ልጅቱ ከዚያች ኩባያ በቀር በሌላ ወተት አልጠጣም ብላ እናቷን አስቸገረች። ገሠሠ ይህን ታሪክ ለማንም ሰው ሳያወራ ውሎ አያድርም። መጨረሻው ላይ ግን ራሱ ያፈርሰዋል። «በእርግጥ ደንበኛዬ ጥርስ አላወጣችም ነበር» ይላል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው በስተርጅና እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው።

ቢላዋ ጨብጦ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ እጁ ጸጥ ይላል። ሙሉ ኩባያ የያዘ ዕለት ግን እጁ የራሱ አይሆንም። መጀመሪያ የታወቀው የሚካኤል ማኅበር ላይ ነው፤ የተቀዳለትን ጠላ ሲቀበል ግማሹን አጠገቡ በተቀመጡት ቄስ ላይ ደፋው። ያን ዕለት ጥፋቱን የቀጂዋ አስመሰለው። በሚቀጥለው ወር የሽክናው አስመሰለው። ከዚያ በኋላ ጥፋተኛ አለቀበት፤ ስለዚህ ጨጓራ ታመመ።

ጨጓራ ጥሩ በሽታ ነበር። «ሐኪም ከልክሎኛል» ሲል ማንም አያስገድደውም፤ ጠላውም ያልፈዋል። ያላሰበው የጎረቤቱን ደግነት ነው። ሴቶቹ ለጨጓራው መድኃኒት እያሉ ተልባ በጥብጠው ማምጣት ጀመሩ። ተልባው የሚመጣው ደግሞ በኩባያ፣ ያውም ጢም ብሎ ነው። ገሠሠ ያልታመመውን በሽታ እያስታመመ፣ ያመጣችው ሴት ፊቷን እስክታዞር ኩባያውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ በጉጉት የሚጠብቅ ሰው ሆነ።

ጤና ጣቢያ ሄዷል። ሐኪሙ እጁን አገላብጦ አየና የአባትህ እጅም እንዲህ ያደርገው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። አዎ፣ ያደርጋቸው ነበር። «በዘር የሚመጣ ነው፣ አይገድልም» አለው። ገሠሠ የፈራው ግን ሞትን አልነበረም። የፈራው አረቄን ነው። ጠጥቶት አይደለም፤ በሠርጉ ዕለት አንድ መለኪያ ቀምሶ እንባው ከወረደ ወዲህ ደግሞት አያውቅም። ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ ወንድ ሲታይ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ገሠሠ ራሱም ስለ ሌሎች ሲያስብ የኖረው ይህንኑ ነው።

ቤዛዊት ዳንግላ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ምስጋናው የሚባል ወጣት ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ። የምስጋናው አባት አቶ በኃይሉ የዳንግላ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ደልደል ያሉ፣ ንግግራቸው አጭር። ገሠሠን ገና ከደጅ ያላስደሰተው አንድ ነገር ነበር። አቶ በኃይሉ ሰላምታ ሲሰጡ በጭንቅላታቸው እጅ ነሡ እንጂ እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም። ገብተውም ከተቀመጡ በኋላ እታለማሁ ብቅሉን ራሷ አብቅላ የጠመቀችው ጠላ ከፊታቸው ተቀዳ። አንዴም ሳይነኩት ወጡ።

እታለማሁ ያን ዋንጫ መልሳ ስታነሣ ዓይኗ ቀልቷል። ገሠሠም ቂም ያዘ። የራሱን ጠላ በጨጓራ ሰበብ ሳይጠጣ እንደ ቆየ በጊዜው ትዝ አላለውም።

ቂሙ ደግሞ ሥራውን የሠራው በመጨረሻው ቀጠሮ፣ የመልሱ ሥርዓት ሲመከር ነው። በገሠሠ ሰፈር ሙሽሮቹ ለመልስ ወደ ሴቷ ቤት ሲመጡ የሙሽራዋ አባት እስከ አፉ የተሞላ ዋንጫ ይዞ ይቆማል። ልጆቹን መርቆ እስኪጨርስ ዋንጫው ከእጁ አይወርድም። ከዚያ አንዴ ይጎነጭና ለሙሽራው አባት ያቀብላል፤ እሱም ተነሥቶ ይጎነጫል። ቢፈስ የሚናገር የለም። ሁሉም ግን ያየዋል፤ ሴቶቹም እርስ በርስ ይተያያሉ።

አቶ በኃይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ያ የዋንጫው ነገር ቢቀርስ?» አሉ። «ዘመን አልፎበታል። ምርቃት በቃል ይበቃል።»

ይህ ከሰማይ የወረደ መና ነበር። ገሠሠ ማለት የነበረበት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እሺ»። ለወራት እንቅልፍ የነሣው ነገር በዚያች ቃል ይቋጭ ነበር። አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ይህ ነው።

«አቶ በኃይሉ፣ የአባቶቻችን ወግ እኔ ቤት አይቀርም። ዋንጫው ይነሣል። ያውም ጢም ብሎ ይነሣል።»

ጢም ብሎ የሚለውን ጨምር ያለው ሰው አልነበረም። የሰፈሩ ትልቅ ሰው አባ ቢሻው ከተቀመጡበት ጥግ «ወግ ማለት እንዲህ ነው» ብለው አጸደቁለት። አቶ በኃይሉ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ገሠሠም ያንን ንቀት አድርጎ ቆጠረው።

እንግዶቹ እንደ ወጡ እታለማሁ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ዋንጫውን የሚያነሣው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«በማን እጅ?»

 እታለማሁ ታላቅ ወንድሟ ይያዘው፣ ገሠሠ ታመመ ብለን እንናገራለን አለች። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ግን ገሠሠ ልጁን ራሱ መመረቅ ፈለገ። አንዲት ልጅ ናት ያለችው፤ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ጥሩ ሆኖ የወጣለት እሷ ናት፤ እሷን ቆሞ ሳይመርቅ ጥግ ተቀምጦ ሌላ ሰው ሲመርቃት መስማት አልቻለም። ስለዚህ ኢንጂነሩ ወደ ሱቁ ገባ።

መጀመሪያ ያሰበው ክብደት ነው። ዕቃው ከከበደ እጅ ይረጋል ብሎ ከወፍራም ቀርከሃ ዋንጫ ቆርጦ ከሥሩ ድንጋይ ቀበረበት። እጁ አልረጋም፤ ጭራሽ ድንጋዩም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አመለጠውና አውራ ጣቱ ላይ ወደቀ። ለሰው ጨጓራው ነው ብሎ ሊናገር ስላልቻለ ሲያነክስ ለሰነበተበት ሌላ ምክንያት ፈለገ።

ቀጥሎ ሁለት ጆሮ ያለው ሠራ። እኛ አገር ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ነገር በሁለት እጅ ነው የሚሰጠው፤ አክብሮትም ይሆናል፣ ድጋፍም ይሆናል ብሎ ነው። ሁለቱ እጆቹ ግን እኩል አይንቀጠቀጡም። ቀኙ ወደ ላይ ሲል ግራው ወደ ታች፤ በመካከል ያለው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት በሁለቱም በኩል ወጣ።

ሦስተኛውን ሲያወራ ገሠሠ ራሱ መሳቅ ስለሚጀምር አድማጩ እስኪጨርስ መታገሥ አለበት። ከወገቡ በመቀነት የሚታሰር፣ በጋቢ ውስጥ የሚደበቅ የቀርከሃ ምሰሶ ነው። ምሰሶው ጫፍ ላይ ቀለበት አለ፤ ዋንጫው ቀለበቱ ውስጥ ቁጭ ይላል። እጁ ያዝ አድርጎ የያዘ ይመስላል እንጂ ሸክሙ የወገብ ነው። ሱቁ ውስጥ ቆሞ ሞከረው፤ ጠብ አላለም። ደስ ብሎት ገና ልጁን መመረቅ ሲለማመድ አባ ቢሻው በደጅ አለፉ። ትልቅ ሰው ሲያልፍ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው በዚህ አገር አላደገም። ገሠሠ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ አንድ ዋንጫ ሙሉ ውኃ በአንገትጌው በኩል ገብቶ በሱሪው ወጣ። አባ ቢሻው ቆመው አዩትና «ጨጓራህ እንዴት ነው?» ብለው መልሱን ሳይጠብቁ ሄዱ።

መልሱ ሲቃረብ ተስፋ ቆረጠ። አንድ ቀን ጠፍር ለመግዛት ባጃጅ ተሳፍሮ ሲሄድ፣ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ጭኗ ላይ ማሰሮ ይዛለች። ባጃጇ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ወጡ እየተረጨ ቀሚሷን አበላሸው። ሹፌሩ ግን የራሱን አጓት በትንሽ ባልዲ አድርጎ ከጣራው ብረት ላይ በማንጠልጠያው ሰቅሎታል። ባልዲው ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፤ አንዲት ጠብታ አይወጣውም።

ገሠሠ ባልዲውን አየ፣ ማሰሮውን አየ፣ እንደገና ባልዲውን አየ። ዕድሜውን ሙሉ የኩባያን ጆሮ በጎን ሲቀጥል ነበር የኖረው። ከላይ ማንጠልጠል አልመጣለትም። ባልዲ በየቤቱ አለ፤ የእሱም ቤት ሦስት አለ። «ወራጅ አለ» ብሎ ከመንገዱ መሃል ወረደና ጠፍሩን ሳይገዛ በእግሩ ተመለሰ።

ስስ ቀርከሃ እሳት አሳይቶ ቀስት አድርጎ አጎበጠው። ለዋንጫው የአባቱን ቀንድ ዋንጫ አወረደ። ከአፉ ዝቅ ብሎ ግራና ቀኝ በጋለ ሚስማር በሳውና ቀስቱን በሽቦ አያያዘው፤ ቀዳዳዎቹን በሰም ደፈነ፤ ሲጠጡ ሳብ ተደርጎ ዋንጫውን የሚያጋድል ትንሽ ጭራም ሱቁ ውስጥ ከተገኘ ቁራጭ ጠፍር ከሥሩ አበጀለት። ሥራው ሊያልቅ ሲል እታለማሁ የተቃጠለ ቀንድ ሽታ ተከትላ መጣች።

«የአባትህን ዋንጫ በሳኸው?»

«የሳቸውም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ ገሠሠ። «ቢኖሩ እሳቸውም ይበሱት ነበር።»

እታለማሁ ተቆጥታ ልትሄድ ነበር። ከዚያ ተመለሰችና ዋንጫውን በውኃ ሞላችው። ገሠሠ ቀስቱን ይዞ ተነሣ። እጁ እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ፤ ዋንጫው ከታች ቀስ ብሎ ተወዛወዘ፤ ውኃው ባለበት ቆየ። አየችውና «ባልዲ ነው የሚመስለው» አለች። ወዲያው ግን ጨርቅ አምጥታ ወለወለችው።

የመልሱ ዕለት ግቢው በሰው ተሞላ። ድንኳኑ ውስጥ ምስጋናውና ቤዛዊት ከፊት ተቀምጠዋል፤ አቶ በኃይሉ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ከጎናቸው አሉ። ምግቡ ተበልቶ ካበቃ በኋላ እታለማሁ ዋንጫውን ሞልታ አመጣች። ገሠሠ ቀስቱን ይዞ ቆመ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ። ገሠሠ ይህን ቀደም ብሎ አላሰበበትም ነበር። ስለ ጠላው ሲያስብ ከርሞ፣ ሰው ምን ይላል የሚለውን ረስቶታል። ከሚዜዎቹ አንዱ «ጋሼ፣ ፋኖስ ነው እንዴ?» አለ፤ የዳንግላ ሰዎች ሳቅ አሉ። ቤዛዊት አቀረቀረች።

ያ አፉ እንደገና ተከፈተ።

«በእኛ ቤት የልጅ ምርቃት እንዲህ ነው» አለ ገሠሠ። «ዋንጫው ተንጠልጥሎ ነው የሚመረቀው። ምርቃት ከላይ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ከላይ ይያዛል። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው።»

ከየት እንዳመጣው ራሱም አያውቅም። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ዓይን ግን ወደ አንድ ሰው ዞረ። የድሮ ነገር ሲነሣ የሚጠየቁት አባ ቢሻው ናቸው፤ እሳቸው አላውቅም ካሉ ነገሩ ውሸት ነው።  አባ ቢሻው ዋንጫውን አዩ፤ ቀስቱን አዩ፤ ያን ዕለት በሱሪው ውኃ ሲወርድ ያዩትን ሰውም አዩ። በዚህ ዕድሜያቸው ደግሞ አላውቅም ብለው አያውቁም።

«ነበር» አሉ። «ድሮ ነበር።» ጥቂት አሰቡና «እንዲያውም ቀስቱ ረዘም ይል ነበር» ብለው ጨመሩ።

ሳቁ ቆመ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዲት ሴትዮ «እኛ ወጉን እየረሳነው» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ገሠሠ ምርቃቱን ጀመረ። ውለዱ፣ ክበዱ አለ፤ ደጃችሁ አይዘጋ፣ ማጀታችሁ አይጉደል አለ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከዚያ የባሰ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ለድምፁ የሠራለት ማንጠልጠያ አልነበረም። ቤዛዊት ቀና ብላ «አሜን» ስትል ያችን የቀርከሃ ኩባያ የያዘች ሕፃን መስላ ታየችው። ጠብታ ሳይፈስ ጨረሰ፤ ጭራውን ሳብ አድርጎ ተጎነጨ።

አሁን የቀረው ለሙሽራው አባት ማቀበል ነው። እዚህ ላይ ገሠሠ ልቡ ሞቀ፤ እኒህ የናቁን ሰው እስቲ ይነሡና ይያዙት አለ በሆዱ። አቶ በኃይሉ ቀስ ብለው ተነሡ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው ከጋቢው ወጣ።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የገሠሠ እጅ ከዚያ እጅ አጠገብ የድንጋይ ነው። ጣቶቹ ቀስቱን ለመያዝ ሁለቴ ሳቱት፤ በሦስተኛው ጨበጡ። ሁለቱ አባቶች ፊት ለፊት ተጠጋግተው ስለ ቆሙ ከገሠሠ በቀር ያየ የለም። ዋንጫው ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፤ ጠላው ግን ከአፉ አላለፈም። አቶ በኃይሉ ዋንጫውን አዩ፤ ከዚያ ገሠሠን አዩት።

ያልተነካው ጠላ ያን ጊዜ ገባው። ሰላምታውም፣ ጋቢውም፣ «ዘመን አልፎበታል» ያሉትም ገባው። አሮጌው እህል ነጋዴ እሱ ፊት እንዳይዋረዱ ሲለምኑት ነበር፤ እሱም ጢም ብሎ ይነሣል ሲላቸው ነበር። ገሠሠ በራሱ አፈረ። ያችን አንዲት ቃል ቢላት ኖሮ አውራ ጣቱም፣ የአባቱ ዋንጫም፣ እኒህ ሰውም ይተርፉ ነበር። ሊያለቅስ እንደ ሆነ ሊስቅ እንደ ሆነ አላወቀም።

አቶ በኃይሉ ተጎነጩ። ዋንጫውን ሲመልሱ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«እውነት የድሮ ነው?»

«አባ ቢሻው ሲሉ ሰምተዋል» አለ ገሠሠ።

አቶ በኃይሉ ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። «ቅልቅሉ እኔ ቤት ነው፤ ያን ዕለት ዋንጫ የማነሣው እኔ ነኝ» አሉ። እስከዚያ ቀን አንቱ ሲሉት የኖሩትን ሰው አሁን ወንድማቸው አድርገውት ነው የሚናገሩት። «ለእኔም ቤት አንድ የድሮ ሥራልኝ። ከቅልቅሉ በፊት ይድረስ።»

ገሠሠ ያን ዕለት ያቃተውን ቃል አሁን አገኘው።

«እሺ» አለ።

ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጠላ እየዞረ ነበር፤ ቀጂዋ ለሁለቱም ሞልታ ሰጠቻቸው። ገሠሠ ጨጓራውን አላነሣም። እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ተቀበሉ፤ እየተንቀጠቀጡ፣ አንዱ በሌላው ላይ እያፈሰሱ ጠጡ።